የሕክምና ማኅደርና የሕመምተኛው ቋንቋ

አንድ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሲሄድ መጀመሪያ የሚደርሰው ከካርድ ክፍል ነው። እዚያም ስሙ፣ ዕድሜውና አድራሻው ተመዝግቦ ካርድ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የጠየቀውና ሕመምተኛው የመለሰው፣ በምርመራ የተገኘው፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤቱ፣ የበሽታው ስምና የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ላይ ወይም በኮምፒዩተር ውስጥ እየተጻፈ ይጠራቀማል። ይህ የጽሑፍ ክምችት የሕክምና ማኅደር ይባላል። በማኅደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚናገረው ስለ ሕመምተኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ራሱ ገልጦ ቢያየው አብዛኛውን ጊዜ አይገባውም። ስለ ገዛ አካሉ የተጻፈው ጽሑፍ ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ ይመስለዋል።

በርግጥም ማኅደሩ ከመነሻው ለሕመምተኛው ተብሎ የተጻፈ አይደለም። የሕመምተኞችን ሁኔታ በጽሑፍ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው፤ በጥንታዊው የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት መጻሕፍት የአንዳንድ ሕመምተኞችን ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን እየተከታተሉ ይተርካሉ። ዛሬ የሚታወቀው ዓይነት ማኅደር ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ፕለመር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጋ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ መዝገብ ይጽፍ ስለ ነበር፣ የአንዱን ሰው ታሪክ ከያለበት ለቅሞ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ሎረንስ ዊድ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም የሕመምተኛው ችግሮች አንድ በአንድ ተዘርዝረው የሐኪሙ ሐሳብና ውሳኔ በየችግሩ ሥር የሚጻፍበትን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። እነዚህ ማሻሻያዎች ለሕክምና ሥራ ከፍተኛ ጥቅም ሰጥተዋል። ነገር ግን ማሻሻያዎቹ በዋነኛነት ያተኮሩት በሐኪሞች ሥራ ላይ ነበር።

ማኅደሩን ለሕመምተኛው አስቸጋሪ የሚያደርጉት ምክንያቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ምክንያት የሙያው ቃላት ናቸው። አብዛኞቹ የሕክምና ቃላት ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው። ለምሳሌ፣ «ሃይፐር» ከመጠን በላይ፣ «ሃይፖ» ከመጠን በታች ማለት ነው። ስለዚህ «ሃይፐርግላይሴሚያ» በደም ውስጥ ያለ ስኳር ከልክ ማለፉን ሲያመለክት፣ «ሃይፖግላይሴሚያ» ደግሞ ከልክ በታች መውረዱን ያመለክታል። ሁለቱ ቃላት ለጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ርዳታ ግን ተቃራኒ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር ካላገኘ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ስኳሩ ለወጣበት ሰው ግን ጣፋጭ መስጠት ጉዳቱን ማባባስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሕጽሮት ነው። ሐኪሞች ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ቃላትን ያሳጥራሉ። «ኤች.ቲ.ኤን.» የደም ግፊት በሽታ፣ «ቢ.ፒ.» የደም ግፊት ልክ፣ «ፒ.ኦ.» በአፍ የሚወሰድ ማለት ነው። አንዳንዱ አሕጽሮት ሁለትና ሦስት ፍች አለው። «ኦ.ዲ.» በመድኃኒት ማዘዣ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ማለት ሲሆን፣ በዓይን ሕክምና ደግሞ ቀኝ ዓይን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሕመምተኛውን ቀርቶ ባለሙያውንም ሊያሳስት ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከተለመደ ትርጉማቸው ወጥተው የሚነገሩ ቃላት መኖራቸው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ፖዘቲቭ» መልካም፣ «ኔጌቲቭ» መጥፎ ይመስላል። በላቦራቶሪ ቋንቋ ግን «ፖዘቲቭ» የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ሲሆን «ኔጌቲቭ» አልተገኘም ማለት ነው። የተፈለገው በሽታ ከሆነ ኔጌቲቭ የምሥራች፣ ፖዘቲቭ ደግሞ የሚያሳዝን ወሬ ይሆናል። ይህ ችግር ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የተደረገ አንድ ጥናት ያሳያል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ትርኢት የመጡ 215 አዋቂዎች የሐኪም አነጋገሮችን እንዲተረጉሙ ተጠይቀው ነበር። የካንሰር ምርመራ ውጤት ኔጌቲቭ ነው ማለት ካንሰር የለም ማለት መሆኑን ከመቶ 96ቱ ያውቁ ነበር። የደረት ራጁ «አስደናቂ» ነው ሲባል ግን መጥፎ ወሬ መሆኑን የተረዱት ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። ተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በተወለዱበት ቋንቋ የተጠየቁ ስለ ነበሩ፣ ችግሩ የሙያ ቋንቋ እንጂ የባዕድ ቋንቋ አልነበረም።

አራተኛው ምክንያት የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር ከተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የሐኪሞችና የጤና መኮንኖች ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። በመሆኑም ባለሙያው የተማረበትን ቋንቋ ይጽፋል፤ ሕመምተኛው ግን የሚያስበውም ሆነ የሚያዝነው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ ነው። ከገጠር ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ከተማ ሆስፒታል የሚሄድ ገበሬ በኪሱ የያዘውን ወረቀት ለማንበብ ሰው መለመን ግድ ይሆንበታል።

የዚህ ጉዳት በማፈር ወይም በመጨነቅ ብቻ አያበቃም። በአሁኑ ዘመን ብዙ ሰዎች የሚታመሙባቸው እንደ ደም ግፊት፣ ስኳርና የልብ በሽታ ያሉ ሕመሞች ለዓመታት የሚቆዩ ናቸው። ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ የቀረውን ጊዜ መድኃኒቱን የሚወስደው፣ ምግቡን የሚመርጠውና የአደጋ ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚጠብቀው ራሱ በቤቱ ነው። የተባለውን ካልተረዳ ወይም ከረሳ፣ ከሐኪሙ ዕውቀትም ሆነ ከመድኃኒቱ ተገቢውን ጥቅም ሊያገኝ አይችልም።

ማኅደሩ ለሕመምተኛው ክፍት ይሁን የሚለው ሐሳብ በአንዳንድ አገሮች ተግባራዊ መሆን የጀመረው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በሦስት የሕክምና ተቋማት የሚሠሩ 105 ሐኪሞች የጻፉትን ማስታወሻ ሕመምተኞቻቸው በኮምፒዩተር እንዲያነቡ ፈቀዱ። ብዙ ሐኪሞች ሕመምተኞች ይደናገጣሉ፣ ጥያቄም ያበዛሉ ብለው ሠግተው ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤት መሠረት ማስታወሻ ከተዘጋጀላቸው 13,564 ሕመምተኞች መካከል 11,797ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፍተው አንብበዋል፤ ለጥያቄ መልስ ከሰጡትም ውስጥ ከመቶ 99ኙ አሠራሩ እንዲቀጥል ፈልገዋል። በኋላም በዚያው አገር ከኤፕሪል 5 ቀን 2021 ጀምሮ የሐኪም ማስታወሻ ለሕመምተኛው ያለ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርሰው የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

በር መክፈት ግን ማስረዳት አይደለም። ሕመምተኛው ማኅደሩን ለማየት መብት ቢያገኝም ቃላቱ እንደ ድሮው ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ሁለት የሕክምና ተማሪዎችና አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 አንድ አገልግሎት ጀመሩ። ስሙም በአማርኛ «ምን አለብኝ?» እንደ ማለት ነው። ሕመምተኞች የምርመራ ውጤታቸውን ይልካሉ፤ በፈቃደኝነት የሚሠሩ የሕክምና ተማሪዎችና ሐኪሞች ደግሞ ማንም ሰው በሚረዳው ጀርመንኛ ጽፈው ያለ ክፍያ ይመልሱላቸዋል። ሥራው ለሁለቱም ወገን ጠቃሚ ነው፤ ሕመምተኛው ይረዳል፣ ተማሪውም ለሕዝብ መናገርን ይማራል። ነገር ግን እያንዳንዱን ወረቀት በሰው እጅ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ቋንቋ ቴክኖሎጂ መልሰዋል።

የቋንቋ ቴክኖሎጂ ማለት የሰውን ቋንቋ በኮምፒዩተር አማካይነት የማንበብ፣ የመተንተን፣ የመተርጎምና የመጻፍ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው መንገድ በመዝገበ ቃላት ላይ የተመሠረተ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1986 ልዩ ልዩ የሕክምና ቃላት ዝርዝሮችን በአንድነት የሚያያይዝ ታላቅ ሥራ ጀመረ፤ በዚህም አንድ በሽታ በተለያዩ ስሞች ቢጠራም ኮምፒዩተሩ አንድ ነገር መሆኑን እንዲያውቅ ተደረገ። ከዚህም በመነሣት የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማኅደር ውስጥ ያሉትን አስቸጋሪ ቃላት እየለየ በአጠገባቸው ቀላል ፍች የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 አስተዋወቁ። ይህ መንገድ ጽሑፉን ስለማይለውጠው አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም ቃሉን እንጂ ዐረፍተ ነገሩን አያስረዳም።

ሁለተኛው መንገድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠውና የትኛው ቃል የትኛውን ሊከተል እንደሚችል በስሌት ይማራል፤ ከዚያም የታዘዘውን ጽሑፍ በሌላ አነጋገር እንደ አዲስ መጻፍ ይችላል። ለምሳሌ በማኅደር ላይ «የ58 ዓመት ወንድ፤ ኤች.ቲ.ኤን.፤ ቢ.ፒ. 170/100፤ ኖ ኤዲማ፤ አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ. ፒ.ኦ. ኦ.ዲ.» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወደ ሕመምተኛው ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ሊሆን ይገባዋል፦ «የደም ግፊት በሽታ አለብዎ። ዛሬ ሲለካ 170 በ100 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከፍተኛ ነው። በሰውነትዎ ላይ እብጠት አልታየም። አምሎዲፒን የተባለውን ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ ይዋጡ።» በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የሐሳብ ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ አንባቢው ማን እንደ ሆነ መታወሱ ላይ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ችሎታ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሕመምተኞች ከሆስፒታል ሲወጡ የተጻፉ 50 ማጠቃለያዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት በቀላል ቋንቋ ተጻፉ። የጽሑፉ ክብደት በአሜሪካ የትምህርት ደረጃ ሲመዘን ከ11ኛ ክፍል ወደ 6ኛ ክፍል ገደማ ወረደ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሐኪሞች እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ሁለት ሆነው ሲመረምሩ፣ ከ100 ግምገማዎች በ18ቱ የሕመምተኛውን ደኅንነት የሚያሠጋ ነገር አገኙ። አብዛኛው ጉድለት መነገር የነበረበት ነገር መቅረቱ ሲሆን፣ በጥቂቶቹ ደግሞ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ነገር ተጨምሮ ነበር። መሣሪያው ቃላትን የሚያያይዘው በስሌት ስለ ሆነ፣ እውነቱንም ስሕተቱንም በእኩል ውበትና በእኩል ድፍረት ይጽፋል።

ጽሑፉ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም አደጋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ከድንገተኛ ክፍል ለሚወጡ ሕመምተኞች የሚሰጡ መመሪያዎችን ጉግል ትራንስሌት በተባለው መሣሪያ ወደ ሰባት ቋንቋዎች አስተርጉሞ መረመረ። ከ400 ትርጉሞች መካከል ዋናውን ሐሳብ የጠበቁት 330 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 82.5 ማለት ነው። ውጤቱ ግን በሁሉም ቋንቋዎች እኩል አልነበረም፤ በስፓኝኛ ከመቶ 94 ሲሆን በአርመንኛ ከመቶ 55 ብቻ ነበር። አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ አስፈላጊነቱ መውሰድ ይቻላል የሚለው መመሪያ በአርመንኛ ፀረ ታንክ ሚሳይል መውሰድ ይቻላል ተብሎ ተተርጉሞ ተገኘ። እንዲህ ያለው ስሕተት ያስቃል እንጂ ማንንም አያታልልም። የሚያስፈራው ትክክለኛ መስሎ የሚነበበው ስሕተት ነው።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት የጽሑፍ ብዛት ነው። መሣሪያው የሚማረው ከተጻፈ ነገር ስለ ሆነ፣ ብዙ የተጻፈበትን ቋንቋ ከሌሎቹ በተሻለ ያውቃል። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈ የጤና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መሣሪያው በእንግሊዝኛ ያሳየው ችሎታ በአማርኛም እንደዚያው ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም።

አማርኛ የራሱ ጠባይ ያለው ቋንቋ መሆኑም መታወስ አለበት። በመጀመሪያ፣ አሉታ በአማርኛ ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ሳይሆን በግሡ ላይ የሚለጠፍ ምዕላድ ነው። «መድኃኒቱን ይውሰዱ» በሚለውና «መድኃኒቱን አይውሰዱ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ያቺ ፊደል ብትወድቅ ክልከላው ትእዛዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ወንድና ሴትን፣ ታላቅና ታናሽን ሳይለይ በአንድ ቃል ሲናገር፣ አማርኛ «ውሰድ»፣ «ውሰጂ»፣ «ይውሰዱ» እያለ ይለያል። እናትን በወንድ አንቀጽ፣ አዛውንትን በአንተታ የሚያናግር ወረቀት ትርጉሙ ባይሳሳትም እምነት አያተርፍም። ሦስተኛ፣ የሰዓት አቆጣጠር ጉዳይ አለ። በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት የሚባለው በኢትዮጵያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። መሣሪያው ቁጥሩን እንዳለ ቢያልፈው ሕመምተኛው መድኃኒቱን ስድስት ሰዓት አዘግይቶ ሊወስድ ይችላል። አራተኛ፣ የዘመን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ 5/11/2024 ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ወሮችን ከመስከረም ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ግን ሐምሌ 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል። እነዚህን ነገሮች የሚያውቀው የቋንቋው ባለቤት የሆነ ሰው ነው።

በዚህ ምክንያት መሣሪያውን በጥንቃቄ ለመጠቀም የሚከተሉት ነገሮች አስፈላጊ ናቸው። መሣሪያው የጻፈውን ጽሑፍ ሕክምናውንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከዋናው ጋር ሳያመሳክረው ለሕመምተኛው መሰጠት የለበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ደንብም ለሕክምና ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በመሣሪያ ሲተረጎም ብቃት ያለው ተርጓሚ እንዲመረምረው ደንግጓል። የመድኃኒት ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና ቀጠሮ በተለይ ተነጥለው መታየት ይኖርባቸዋል። ዋናው ማኅደርም ለሌላ ሐኪም ስለሚያስፈልግ ቀላሉ ጽሑፍ አብሮት ይቀመጣል እንጂ አይተካውም። በተጨማሪም ማኅደር የሰው ምሥጢር ስለ ሆነ ስምና አድራሻ የያዘን ወረቀት ማን እንደሚያየው ለማይታወቅ መሣሪያ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም ሊዘነጉ አይገባም። ለእነርሱ ቀላል ጽሑፍ የሚጠቅመው የሚያነብላቸው ሰው ወይም ድምፅ ሲኖር ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሚሠሩት ሠራተኞች በየቀበሌው ከሕዝቡ ጋር በሕዝቡ ቋንቋ ይነጋገራሉ። በትክክል የተመለሰ ማጠቃለያ በእነርሱ እጅ ቢገኝ ለብዙ ቤተሰብ ሊደርስ ይችላል። መረዳቱን ለማረጋገጥም «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙ ሰው በአክብሮት ብቻ «አዎን» ይላልና። ይልቁንም «መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ እስቲ ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ መሠረቱ የቋንቋው መዳበር ነው። አማርኛ «የሳንባ ምች»፣ «የደም ግፊት»፣ «ትርፍ አንጀት»፣ «የስኳር በሽታ» የሚሉ ሕዝብ የለመዳቸው ቃላት አሉት። ለሌሎቹም ተስማሚ ቃል መፈለግ፣ ቃል ባይገኝ ደግሞ ነገሩን በአጭር ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል። ይህ ሥራ የሚጠቅመው በአገር ውስጥ ላሉት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ጠቃሚ ጽሑፎች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዛውንት ጥሩ የአማርኛ የሕክምና ጽሑፍ መኖር ትልቅ እፎይታ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው ሊሰጥ የሚችለው ከሰው የተማረውን ነው። ሐኪሙ ግልጽ አድርጎ ሲጽፍ፣ ተርጓሚው ሲያመሳክር፣ የቋንቋ ተማሪውም የቋንቋውን ሕግና ቃላት ጠንቅቆ ሲያውቅ የመሣሪያው ሥራ የተቃና ይሆናል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደ ያዘው፣ ምን ማድረግ እንዳለበትና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው በገዛ ቋንቋው ለቤተሰቡ ሊናገር ይችላል።